ሻዩን የምትቀዳው ባለልደቷ ናት

እሁድ፦ ውሳኔው

ልጄ አራት ዓመት ልትደፍን ነው። ለልደቷ ምን እንደምትፈልግ ጠየቅናት። "የሻይ ግብዣ!" አለች፣ ሳታመነታ። ለአሻንጉሊቶቿ ሻይ ስትቀዳ የምትውል ልጅ ስለሆነች መልሱ አላስገረመንም። እናቷ ኬኩን ወሰደች፤ የቀረው ለእኔ ደረሰ።

የልጆች የሻይ ግብዣ ፎቶ ብዙ አይቻለሁ። ያምራሉ። ልብ ብሎ ለተመለከታቸው ግን አብዛኞቹ ለአዋቂ ዓይን የተሰናዱ ናቸው። ስስ ስኒ፣ ባለሦስት ደርብ የኬክ ማቅረቢያ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ዙሪያውን ደግሞ "እንዳትነኩ!" የተባሉ ልጆች። የእኔ ልጅ ደስታዋ መቅዳቱ ላይ ነው። በራዱን ማንሳት፣ "ልጨምርልሽ?" ማለት፣ ስኒውን ለእንግዳ ማቀበል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ወሰንን፤ ሻዩን የምትቀዳው ባለልደቷ ራሷ ናት። እውነተኛ ሻይ፣ ከእውነተኛ በራድ፣ በገዛ እጇ። ሌላው ዝግጅት ሁሉ ለዚህ ይገዛል።

የእንግዶቹ ቁጥር ቶሎ አለቀ። ወላጆች የሚመክሩት አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ የልጁ ዕድሜ ላይ አንድ መደመር። አምስት እንግዳ ማለት ነው። ለመቅዳትም ልክ ነው። ከዚያ ከበዛ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ልጅ ተራው እስኪደርስ ትዕግሥቱ ያልቃል።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ ተከራከርን። እናቷ ረፋድ ላይ ይሁን አለች። እኔ ከቀን እንቅልፍ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አልኩ። የከሰዓት በኋላ ሻይ ልማድ ራሱ ከዚሁ ሰዓት ጋር ይያያዛል። ሲነገር እንደኖረው በ1840ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የቤድፎርድ ዱቼስ አና በምሳና በእራት መካከል የሚመጣውን ረሃብ ለማስታገስ ሻይና ዳቦ ማስመጣት ጀመረች፤ ጓደኞቿን ስትጋብዝ ልማዱ ተስፋፋ። የአራት ዓመት ልጅም በዚያው ሰዓት ይርበዋል። ዘጠኝ ተኩል ጸደቀ። ግብዣው አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል፤ የሚያበቃበት ሰዓትም ጥሪው ላይ ይጻፋል። ልጆች ሳይደክማቸው፣ ሳይነጫነጩ ቢለያዩ ይሻላል።

ማክሰኞ ማታ፦ ስኒና በራድ

እናቴ የድሮ ስኒዎቿን ይዛ መጣች። በእጅ የተሣሉ፣ ጠርዛቸው ወርቃማ። "ለልጅ ልጄ ካልሆነ ለማን ላስቀምጣቸው?" አለች። ዓይኗ ውስጥ ያለውን ደስታ እያየሁ እምቢ ማለት ከበደኝ። ነገር ግን የቆዩ ቀለም ቅብ ዕቃዎች ሽፋናቸው ውስጥ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ሽፋኑ ሲሰነጣጠቅ ወደ መጠጡ ይገባል፤ እንደ ሎሚና ከርከዴ ያለ ኮምጣጣ መጠጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የትንሽ ልጅ አካል ይህን ብረት ከአዋቂው አብልጦ ይይዛል፤ አእምሮውንም ይጎዳል። "እማዬ፣ አበባ እናድርግባቸው" አልኳት። ተስማማች። እንዲያውም የትኛው ስኒ ላይ የትኛው አበባ እንደሚሆን አሁኑኑ መድባለች። ጠረጴዛው መሀል ይቆማሉ፤ ግብዣውን የሚያደምቁት እነሱ ናቸው።

የሚጠጣባቸው ስኒዎች አዲስ ይሆናሉ። ስመርጥ ያየሁት ሦስት ነገር ነው። መቀመጫው ሰፊ ይሁን፣ በቀላሉ እንዳይገለበጥ። ጆሮው የልጅ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። መጠኑ ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ፤ እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚሞላው። የአሻንጉሊት ቆርቆሮ ስኒዎችን ተውኳቸው። ለጨዋታ የተሠራ ዕቃ ለመጠጥ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ሜላሚን የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ቀላልና በቀላሉ የማይሰበር ነው፤ ለብ ላለ መጠጥ ምንም አይልም፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አይገባም። ወፈር ያለ ፖርሴሊን ወሰድኩ። ሊሰበር የሚችል ዕቃ በእጁ የያዘ ልጅ አያያዙ ይለወጣል፤ ይጠነቀቃል። ይህን ልጄ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል።

በራዱ ላይ ብዙ አሰብኩ። ትልቁ ጥያቄ ክብደት ነው። ያገኘሁት ትንሽ በራድ ባዶውን 300 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለሦስት ስኒ የሚበቃ 150 ሚሊ ሊትር ሲጨመርበት ከግማሽ ኪሎ በታች ነው። ልጄ በሁለት እጇ ያለ ችግር ታነሳዋለች። ሲያልቅ እንሞላለታለን፤ "አለቀ፣ ጨምሩልኝ" ማለቱም የጨዋታው አካል ነው።

ሌላው ፈተና የሚያንጠባጥብ አፍ ነው። ቀስ ተብሎ ሲቀዳ ውሃው ከአፉ ሥር ተለጥፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ልጅ ደግሞ የሚቀዳው ቀስ ብሎ ነው። አፉ ስስና ሹል ጠርዝ ያለው በራድ ብዙም አያንጠባጥብም። ከአፉ ሥር በጣት ጫፍ ትንሽ ቅቤ መቀባትም ይረዳል፤ ውሃ ቅባት ላይ ስለማይለጠፍ ተቆርጦ ይወርዳል። ሞከርኩት፣ ይሠራል።

ሐሙስ፦ ምን እንጠጣ?

ጥቁር ሻይ ቀርቷል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ ለልጆች በቀን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 3 ሚሊ ግራም ካፌይን ስጋት እንደማይፈጥር ገልጿል። 16 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ 48 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው፤ አንድ ትልቅ ኩባያ ጥቁር ሻይ ብቻውን ወደ 50 ይጠጋል። እኛ የምንቀዳው ትንሽ ቢሆንም፣ ከሰዓት በኋላ ካፌይን የቀመሰ ልጅ ማታ በጊዜ እንዲተኛ የሰው ቤት ወላጅ ላይ ሥራ መጨመር አልፈልግም።

ከርከዴ ቀለሙ ደስ ይላል። ግን ኮምጣጣ ነው፣ ልብስ ላይ ከፈሰሰም አይለቅም። ካሞሚል የተባለውን የአበባ ሻይ ሽታውን ልጄ አልወደደችውም። ሮይቦስ ላይ ስንደርስ ፍለጋው አለቀ። በደቡብ አፍሪካ ሴደርበርግ ተራሮች አካባቢ ከሚበቅል ቁጥቋጦ የሚገኝ ነው፣ ካፌይን የለውም። ሲፈላ ቀይ ቡናማ ይሆናል፤ ወተት ሲገባበት ቁርጥ ሻይ ነው። እሷም "የትልቅ ሰው ሻይ!" አለች። ለእኔ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው አለመምረሩ ነው። ጥቁር ሻይ ቅጠሉ ውስጥ ሲቆይ ይመርራል። ሮይቦስን ጠዋት አፍልቼ፣ አሥር ደቂቃ አቆይቼ፣ አጥልዬ ብተወው እስከ ግብዣው ጣዕሙ አይበላሽም።

ሙቀቱ ላይ ድርድር የለም። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ በ5 ሰከንድ ገደማ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል፤ የልጅ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ይፈጥናል። አፍልተው ያስቀመጡት ሻይ ከ15 ደቂቃ በኋላም ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ የሚሄደው ከ40 ዲግሪ የማይበልጥ፣ እጅ ላይ ሲያፈስሱት ለብ የሚል ብቻ ነው። የአዋቂዎቹ ትኩስ ሻይ ደግሞ ልጆቹ በማይደርሱበት ሌላ ክፍል ይቀዳል። ይህን ለሚመጡ ወላጆች አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ልጅ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በትልቅ ሰው ኩባያ ነው።

ቅዳሜ፦ የመቅዳት ልምምድ

ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕጻናት ቤት ከፈቱ። በእሳቸው ዘዴ በሚመሩ ትምህርት ቤቶች ትንንሽ ልጆች መቅዳትን እንደ አንድ ትልቅ ሥራ ይለማመዳሉ። በደረቅ እህል ይጀምራሉ፣ ወደ ውሃ ይሸጋገራሉ። እኛም እንደዚያው አደረግን። በመጀመሪያ ሩዝ። ቢፈስ አይረጥብም፣ ተለቅሞ ይመለሳል። ቀጥሎ ውሃ።

ሩዙ ቀላል ነበር። ውሃው ላይ ዓይኗ ከበራዱ አልነቀል አለ፤ ስኒው ሞልቶ ሲፈስ ገና ማቆም ትሞክራለች። የስኒው ውስጥ ግማሽ ላይ የሚገኝ የአበባ ሥዕል አሳየኋት። "አበባዋ ውሃ ስትጠጣ አቁሚ" አልኳት። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ስኒው ላይ ሆነ። አንድ እጅ በበራዱ እጀታ፣ ሌላው ክዳኑ ላይ። ክዳኑን በቀጭን ሪባን አስሬዋለሁ፤ ለጌጥም ለጥንቃቄም ሆነ።

የፈሰሰውን መጥረግም ልምምዱ ውስጥ ገባ። ስኒዎቹ ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጎኑ ላይ በእጇ ልክ የተቆረጠ ስፖንጅ አለ። ፈሰሰ፣ ጠረገች፣ ቀጠለች። ማንም "ውይ!" አይልም። ይህን እናቴንም እናቷንም አደራ ብያለሁ። ልጅን እጁን የሚያንቀጠቅጠው የእኛ ድንጋጤ ነው።

ሰኞ፦ ጥሪውና አንድ ትልቅ ለውጥ

የጥሪ ካርዶቹን በስኒ ቅርጽ ቆርጠን አጠፍናቸው። እሷ በአውራ ጣቷ ቀለም እያነከረች አበባ አተመችባቸው። ሥር ላይ ለወላጆች አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፤ ልጁ የማይስማማው ምግብ አለ? ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ስንዴ እያልኩ ዘረዘርኩት። "አለርጂ አለ?" ተብሎ በደፈናው ሲጠየቅ ብዙ ሰው "የለም" ብሎ ያልፋል፤ ስም ሲጠራለት ግን ያስታውሳል።

መልሱ የኬኩን እቅድ ለወጠው። አንደኛዋ እንግዳ እንቁላል አይስማማትም። ለእሷ ብቻ ለየት ያለ ነገር ማቅረብ ይቻል ነበር። የልጄ እናት ግን "አንድ ኬክ፣ ሁሉም ከእሱ ይብላ" አለች። እኔም ልቤ ያለው እዚያ ነው። በአራት ዓመት ዕድሜ ከሌሎቹ ተለይቶ ሌላ ሳህን ሲሰጡት የማይከፋው ልጅ ጥቂት ነው።

ያገኘችው ኬክ እንቁላልም ወተትም የሌለው ነው። 190 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። እነዚህ ደረቁን ይቀላቀላሉ። ከዚያ 75 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ትንሽ ቫኒላና 240 ሚሊ ሊትር ውሃ። አቼቶውና ሶዳው ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ኬኩን የሚነፋው እሱ ነው። ስለዚህ ከተቀላቀለ በኋላ ሳይቆይ ኦቨን ውስጥ መግባት አለበት። 180 ዲግሪ ላይ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። ሙከራው እርጥብና ለስላሳ ወጣ፤ አቼቶው ጨርሶ አይታወቅም።

ረቡዕ፦ ጠረጴዛው

የመመገቢያው ጠረጴዛ ለእነሱ ከፍ ይላል። ትከሻው ተሰቅሎ የሚቀዳ ልጅ ያፈስሳል። ለዚህ ዕድሜ ጠረጴዛው ከ50 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። የሳሎኑ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ከዚያም ያንሳል፤ መሬት ላይ ወፋፍራም ትራስ ተደርጎ ሲቀመጡበት ክርናቸው ከጠረጴዛው ጋር ይስተካከላል። በላዩ ነጭ ወረቀት እንዘረጋለን፣ ቀለም እርሳስም እናስቀምጣለን። ቀድሞ የመጣ ልጅ እየሣለ ይጠብቃል።

ጌጡ የወረቀት ሦስት ማዕዘኖች በክር ተሰክተው፣ የእናቴ ስኒዎችና አበባዎቹ። ፊኛ የለም። ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛ ልጆችን ትንፋሽ ከሚያሳጡ ዋነኛ ነገሮች አንዱ ነው፤ ታናናሾችም ይመጣሉ።

ቅዳሜ፦ ብስኩት

አሠራሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው። 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 300 ግራም ዱቄት። እንቁላል የለውም፤ ለዛሬ ጉዳያችን የተሠራ ይመስላል። ልጄ ቅቤና ስኳሩን በእጇ አሸች፣ ዱቄቱን ጨመረች። ሊጡን ግማሽ ሴንቲ ሜትር አድርገን ዳምጠን በበራድ ቅርጽ ቆረጥነው።

የመጀመሪያው ትሪ ቅርጹ ጠፋ፣ የበራዱ አፍና እጀታ ተዋጠ። ምክንያቱ ቅቤው ነው። ሞቆ የገባ ቅቤ ዱቄቱ ሳይደርቅ ይቀልጣል፣ ብስኩቱም ይንሰራፋል። ሁለተኛውን ትሪ ቆርጠን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥነው። በ180 ዲግሪ 12 ደቂቃ፣ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን ወጣ። አፉም እጀታውም ቦታው ላይ ነው። የተረፈውን ሊጥ ጠቅልለን ፍሪዘር ውስጥ ከተትን።

ዓርብ፦ ዋዜማው

ሳንዱቾቹ ነገ ነው የሚሠሩት፣ ዛሬ ዕቃቸው ተዘጋጅቷል። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ኪያር፣ እንዲሁም ቺዝ። ኪያር ዳቦ እንዳያርስ ቅቤው እስከ ዳቦው ጠርዝ ይቀባል፣ ኪያሩም በስሱ ተቆርጦ፣ ትንሽ ጨው ተነስንሶበት፣ ውሃው ተደርቆ ይገባል። ለአንድ ልጅ ሦስት ትንንሽ ቁራጭ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማቅረብ ለመጣል መሥራት ነው።

ሌላውን ማንም ያዘጋጀው፣ ወይኑን ግን እኔ ልቁረጠው ብያለሁ። ሙሉ የወይን ፍሬ የትንሽ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ በልኩ ገብቶ ይዘጋል፤ ስለዚህ ወደ ቁመቱ አራት ቦታ ይቆረጣል። እንጆሪውም እንዲሁ። ፈንዲሻ፣ ሙሉ ለውዝና ደረቅ ከረሜላ አይገቡም። ከእንግዶቹ የአንዱ ታናሽ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ለዚህ ሕጻን ማር የያዘ ምንም ነገር እንዳይሰጠው ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው፣ ቦቱሊዝም የተባለውን መመረዝ የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕጻን አደገኛ ነው።

ሻማውን በተመለከተ እናቷ አንድ ጥሩ ሐሳብ አመጣች። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሻማ በትንፋሽ ሲጠፋ ኬኩ ላይ የሚገኘው ባክቴሪያ በአማካይ በ1,400 ፐርሰንት እንደሚጨምር አሳይቷል። ለጤነኛ ሰው ብዙ የሚያሰጋ ባይሆንም፣ በዚህ ዕድሜ መተንፈስና መትፋት ስለማይለያዩ ሻማው ለብቻው ትንሽ ኬክ ላይ ይሁን ተባለ። ያንን ባለልደቷ ራሷ ትበላዋለች።

ቅዳሜ፦ ልደቱ

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሁለቱ ደረሱ፣ ወረቀቱ ላይ መሣል ጀመሩ። ሁሉም ሲሟሉ ልጄ በራዱን ይዛ ቆመች። ፊቷ ኮስተር ብሏል። "ሻይ ትፈልጋለህ?" "አዎ።" ቀዳች። አበባዋ ውሃ ስትጠጣ አቆመች። ክፍሉ ውስጥ ያሉ ልጆች ሁሉ ዝም ብለው ስኒውን ያያሉ። ያንን ዝምታ አልጠበቅሁትም ነበር።

ሌሎቹም መቅዳት እንደሚፈልጉ ስለገመትን ትንሽ የወተት ማንቆርቆሪያ አዘጋጅተን ነበር። እሷ ሻዩን ስትቀዳ ወተቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይጨምራል። ይህ ባይኖር በራዱ ላይ ጠብ ይነሳ ነበር። አንዱ ሻዩን ትቶ ወተቱን ብቻ ጠጣ፤ እሱም እንግዳ ነው፣ ደስ ብሎታል። ስኳሩን በመቆንጠጫ ማንሳት ብዙ ጊዜ ወሰደ። ለእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ብቻ ብለን ስለነበር መቆንጠጫው ቀጥሎ ወደ እንጆሪው ተዛወረ፤ ማንም ልዩነቱን አልጠየቀም።

ከእናቱ ጭን አልወርድም ያለ አንድ ልጅ ነበር። ልጄ አጠገቡ ስትቀዳ ትሪው ላይ ትንሽ ፈሰሰ። ስፖንጁን አንስታ ሰጠችው። "አንተ ጥረግ፣ እኔ ልቅዳ።" ወርዶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሚፈስ ነገር ሲጠብቅ ነው የዋለው፤ ሥራም አላጣም።

ጠረጴዛው ላይ የቆዩት ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ተነስተው ወደ ውጭ ሮጡ። ያቀድነው ጨዋታ አላስፈለገም። ሳንዱቾቹን ወዲያው ወደ ፍሪጅ መለስናቸው፤ ቺዝ ያለበት ነገር ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ሲመለሱ ሻማው በራ፣ ተዘፈነ፣ ኬኩ ተቆረጠ። እንቁላል የማይስማማት እንግዳ እናቷን ቀና ብላ አይታ "እኔም ልበላ?" አለች። እናትየው ካርዱን ስትመልስ ነግረናት ስለነበር ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ልጅቷ ሁለተኛ ቁራጭም ጠየቀች።

እሁድ፦ ማግስቱ

ስኒ አልተሰበረም። የበራዱ ክዳን ጠርዙ ትንሽ ተሸርፏል፤ አሸዋ ወረቀት አይበቃውም፣ ክዳኑ ለጨዋታ ይቀራል እንጂ ለመጠጥ አይውልም። ሌላ የሚገጥም ክዳን እፈልጋለሁ።

ለሚቀጥለው የሚሆን ማስታወሻ፦ ወተቱ እጥፍ ይሁን። መቆንጠጫ ሁለት ያስፈልጋል። ሳንዱች በልጅ ሁለት ቁራጭ ይበቃል፤ ከኪያሩ ይልቅ ቺዙ ያልቃል። ወረቀቱ ላይ የተሣሉትን ሥዕሎች ቆርጠን ከጀርባቸው ምስጋና እየጻፍን ለየባለቤቶቻቸው እንልካለን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የስፖንጁ ልጅ ካርድ ላይ ያስጻፈችኝ "ስለጠረግክልኝ አመሰግናለሁ፣ ነገም ና" የሚል ነው። "ነገ" የሚለውን እናቱ ጋ ደውለን ወደ መጪው ቅዳሜ አዛውረነዋል። የቀሩትን ካርዶች ከእንቅልፏ ስትነሳ እንጨርሳለን።